ያስቀየማችሁን ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ልባችሁን ጠይቁ



እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ በር ላይ ቆሞ ካያችሁት በሌላው በር የምትገቡበት ሰው አለ? ስሙ ሲነሣ ፊታችሁ የሚቀየር፣ ሲጸልይ «አሜን» ለማለት አፋችሁ የሚከብድ፣ በሰው ፊት ሲመሰገን ደግሞ ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁ ሰው ይኖር ይሆን? ከሌለ ጌታ ይመስገን። ካለ ግን ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ለጸሐፊውም ጭምር ነው።

እኛ አማኞች በሌላው ሰው ላይ የሚሰማንን ክፉ ስሜት ብዙ ጊዜ የምናስተናግደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መሸፈን ነው። «ተቀይመሃል እንዴ?» ስንባል «ኧረ በጭራሽ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» እንላለን። «ሆድ ይፍጀው» በሚል ባህል ውስጥ ያደግን ስለሆንን ይህ አይከብደንም። ሁለተኛው መንገድ ስሜቱን መንፈሳዊ ስም አልብሶ ሌላውን መክሰስ ነው። ቅናታችንን «መንፈሱ አልተመቸኝም» እንለዋለን፤ ንዴታችንን «ለእውነት መቆም»፣ ኩርፊያችንን ደግሞ «ትንሽ በጸሎት ላይ ነኝ» እንለዋለን። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ቢመስሉም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ በሁለቱም የራሳችንን ልብ አልጠየቅነውም።

የተሸፈነ ነገር ግን ተሸፍኖ አይቀርም። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው የተረቱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳል ያለበትን ሌባ ጨለማው ቢሸፍነውም ሳሉ ያጋልጠዋል። ቂም ይዞ የሚጸልይ ሰውም እንዲሁ ነው፤ በንግግሩ መካከል፣ በቀልዱ መካከል፣ በአገልጋዮች ስብሰባ ላይ በሚሰጠው ሐሳብ መካከል ያስለዋል።

እግዚአብሔር ቃየንን ምን ጠየቀው?

በዘፍጥረት 4 ላይ ያለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃየን መሥዋዕቱ አልተመለከተለትም፤ የወንድሙ የአቤል ግን ተመለከተለት። ቃየን እጅግ ተናደደ፤ ፊቱም ጠቆረ። እዚህ ላይ ልብ ብለን እናስተውል። ግድያው ገና አልተፈጸመም። እግዚአብሔር ወደ ቃየን መጥቶ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር መጠየቅ ነው። ለምን እንደ ተቆጣና ለምን ፊቱ እንደ ጠቆረ ጠየቀው (ዘፍ. 4፡6)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ መልሱ ጠፍቶት አይደለም። ቃየን ራሱ መልሱን እንዲፈልግ ነው። ከዚያም ኃጢአት በደጅ እንደሚያደባ፣ እርሱ ግን ሊነግሥበት እንደሚገባ አስጠነቀቀው።

መጽሐፍ ቅዱስ ቃየን ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ አልመዘገበልንም። የምናነበው ከወንድሙ ጋር ወደ ሜዳ መሄዱን ነው። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ፤ ያልተመለሰው ጥያቄም በወንድሙ ደም ተጠናቀቀ።

ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ ዮናስም ሁለት ጊዜ ተጠይቋል (ዮናስ 4፡4 እና 9)። ዮናስ ቢያንስ መለሰ፤ በምሬትም ቢሆን የልቡን ተናገረ። እግዚአብሔርም ከእርሱ ጋር መነጋገሩን አላቆመም። ከዚህ የምንማረው እግዚአብሔር የተቆጣ ሰው መልስ እንደማያስፈራው ነው።

መቆጣት ሁሉ ኃጢአት ነው ማለትም አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ በምኩራብ ውስጥ በነበሩት ሰዎች ላይ በቁጣ ተመልክቷል፤ በዚያው ቅጽበት ስለ ልባቸው ድንዳኔ አዝኖ ነበር (ማር. 3፡5)። ሐዋርያው ጳውሎስም ቁጣ ወደ ኃጢአት እንዳያልፍና እንዳያድር አስጠነቀቀ እንጂ ቁጣ የሚባል ነገር በአማኝ ልብ ውስጥ አይገኝም አላለም (ኤፌ. 4፡26-27)። ጥያቄው «ተቆጥቻለሁ ወይስ አልተቆጣሁም?» ሳይሆን «ይህ ቁጣ ከየት መጣ? ወዴትስ እየወሰደኝ ነው?» የሚለው ነው።

ነህምያ፦ ከመናገሩ በፊት ከልቡ ጋር የተማከረ ሰው

በቁጣው ወቅት ልቡን የጠየቀ ሰው ማየት ከፈለግን ነህምያ ምዕራፍ 5ን እናንብብ። የኢየሩሳሌም ቅጥር እየተሠራ ሳለ ድሆቹ በገዛ ወገኖቻቸው ላይ ጮኹ። እርሻቸውንና የወይን ቦታቸውን ለእህል አስይዘዋል፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰዋል። ነህምያ ይህን ሲሰማ እጅግ ተቆጣ። ወዲያው ግን ወደ ባለጠጎቹ አልሮጠም። በቁጥር 7 ላይ እንደምናነበው በመጀመሪያ ነገሩን በልቡ አሰበበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ታላላቆቹንና ሹሞቹን የገሠጸው።

በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ምን አገኘ? ቁጥር 10 ፍንጭ ይሰጠናል። በጉባኤው ፊት ሲናገር እርሱ ራሱ፣ ወንድሞቹና ሎሌዎቹም ለሕዝቡ ገንዘብና እህል እንዳበደሩ ይገልጻል። ከዚያም ወለዱን «እንተው» እያለ ራሱን ጨምሮ ይጠራል። ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን እናስተውል። ሌላውን ለመገሠጽ ሲነሣ ራሱን ከጉዳዩ ውጪ አላደረገም። ተግሣጹ ግን በዚህ ምክንያት አልለዘበም፤ እንዲያውም ሰሚ አገኘ፤ ሰዎቹ የወሰዱትን ለመመለስ ተስማሙ። ልብን መመርመር እውነትን ከመናገር አያግድም፤ እውነቱን የሚሰማ ሰው እንዲገኝ ያደርጋል።

በተቃራኒው ዳዊትን እንመልከት። ነቢዩ ናታን የድሀውን ሰው አንዲት በግ ስለ ወሰደው ባለጠጋ ሲነግረው ዳዊት በዚያ ባለጠጋ ላይ እጅግ ተቆጣ (2ሳሙ. 12፡1-7)። ቁጣው ትክክል ነበር፤ አድራሻው ግን የራሱ ቤት ነበር። ብዙ ጊዜ በሌላው ላይ ከመጠን በላይ የሚያስቆጣን ነገር በራሳችን ውስጥ ልናየው ያልደፈርነው ነገር ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ መጠየቁ ግን ምንጊዜም ይጠቅማል።

«ማይንድፉልነስ» የሚባለውስ?

በዚህ ዘመን ስሜትን ስለ ማስተዋል ሲነሣ «ማይንድፉልነስ» የሚል ቃል ይሰማል። ትርጉሙ በአጭሩ አሁን የሚሰማንን ነገር ሳንሸሽና ወዲያው ሳንፈርድበት ልብ ብሎ መመልከት ማለት ነው። በሕክምናው ዓለም የተስፋፋው በተለይ ጆን ካባት ዚን የሚባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውጥረትን ለመቀነስ የሚረዳ ፕሮግራም ከጀመሩ ወዲህ ነው። ልምምዱ ከቡድሂዝም የማሰላሰል ልማድ የተወሰደ ስለሆነ ብዙ አማኞች በጥንቃቄ ያዩታል፤ ጥንቃቄውም ተገቢ ነው።

ሆኖም ስሜትን ቆም ብሎ ማስተዋል የማንም ሃይማኖት የግል ንብረት አይደለም። እግዚአብሔር በሠራው ሰውነትና አእምሮ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ቁጣ ወይም ፍርሃት የሚታይባቸውን ፊቶች ለሰዎች እያሳዩ የአእምሮአቸውን እንቅስቃሴ ተመለከቱ። ሰዎቹ ለሚያዩት ስሜት ስም ሲመርጡለት፣ አደጋ ሲታይ የሚነቃው «አሚግዳላ» የተባለው የአእምሮ ክፍል እንቅስቃሴ ቀነሰ። በቀላል አማርኛ፣ ስሜት በስሙ ሲጠራ ኃይሉ ይረግባል። መዝሙረኞቹ ግን ይህን ከብዙ ዘመን በፊት ያደርጉት ነበር። በመዝሙር 42 ላይ ዘማሪው ነፍሱን ራስዋን ለምን እንደምታዝን ይጠይቃታል።

የእኛ ልዩነቱ ታዲያ ምንድን ነው? ሦስት ነገር ልጥቀስ። አንደኛ፣ አማኝ ልቡን ብቻውን አይመለከትም፤ በእግዚአብሔር ፊት ነው። ልብ ተንኮለኛ ስለሆነ (ኤር. 17፡9) መርማሪው ጌታ እንዲሆን እንለምናለን (መዝ. 139፡23-24)። ሁለተኛ፣ ዓላማችን አእምሮን ባዶ ማድረግ ሳይሆን በእውነትና በቃሉ መሙላት ነው። ሦስተኛ፣ ስሜታችንን በማስተዋል ብቻ አንቆምም፤ ወደ ንስሐ፣ ወደ ይቅርታና ወደ ወንድማችን እንሄዳለን። የተሐድሶው አባት ዮሐንስ ካልቪንም እ.ኤ.አ. በ1536 የመጀመሪያውን የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፋቸውን ሲጀምሩ እግዚአብሔርን ማወቅንና ራስን ማወቅን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል።

የራሴን ልንገራችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ወደ ጌታ ሄደች። ሰው ሁሉ መጣ፤ የሰፈር ሰው፣ የዕድር ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው። አንድ ወንድም ግን አልመጣም። በአንድ የቤት ለቤት ሕብረት ውስጥ ስምንት ዓመት አብረን የጸለይን ሰው ነው። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ዓይኔ በር በሩን ያይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አገኘኝና ቆመን ሳለ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። «አሜን» ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ሸሸሁት። ሰው ሲጠይቀኝ «ኧረ አልተቀየምኩም» እል ነበር።

አንድ እሑድ የጌታ እራት ሊወሰድ ሲል መጋቢያችን ሰው ራሱን መርምሮ ይቅረብ የሚለውን ክፍል (1ቆሮ. 11፡28) አነበቡ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! በዚያ ቀን ግን ያ ወንድም ከፊት ለፊቴ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጦ ነበር። ጽዋውን መውሰድ አቃተኝ። ወደ ቤቴ ሄድኩና ደጄን ዘግቼ «ጌታ ሆይ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» አልኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ቁጣ ነበር። ከቁጣው ሥር መከፋት ነበር፤ «ለእርሱ ምንም አይደለሁም ማለት ነው» የሚል። እዚያ ላይ ብቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ተበዳይ ሆኜ እቀር ነበርና። ከመከፋቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። እናቴ በታመመች በመጨረሻው ሳምንት እኔ ለአገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ሄጄ ነበር። «ቆይ፣ አትሂድ» ብላኝ ነበር። ስመለስ ነፍሷ አልፏል። በእናቴ አልጋ አጠገብ ያልተገኘሁት እኔ ነኝ። ያን ጸጸት ከመሸከም በለቅሶው ያልተገኘውን ሰው መክሰስ ቀለለኝ። ያን ቀን ስለ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ወደ ወንድሜ ሄድኩ። «በለቅሶዬ ስላልመጣህ ተከፍቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሸሽህ ነበር፤ በዚህ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የመጀመሪያ ልጁን ከቀበረ ወዲህ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ መግባት እንደሚያቅተው ነገረኝ። ሁለት ቀን መጥቶ፣ ከድንኳኑ ማዶ ቆሞ ተመልሷል። «መጥቼ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩ» አለኝ። ልጁ መሞቱን አውቅ ነበር። ከድንኳን ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

ይህን የነገርኳችሁ ሁልጊዜ የበደለን ሰው መልካም ምክንያት ይኖረዋል ለማለት አይደለም። አንዳንዱ ምክንያት የለውም። ወንድሜ ምንም ምክንያት ባይኖረው እንኳ በልቤ ውስጥ ያገኘሁት ነገር እውነት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ነጻ ያወጣኝም እርሱ ነው።

እንግዲህ እንዴት እናድርግ?

1. ቆም በሉ። ስሜቱ ሲነሣ ከመናገራችሁ፣ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት ጥቂት ቆዩ። ሰውነታችሁን ልብ በሉት፤ ደረታችሁ ጨነቀው? ጥርሳችሁን ነክሳችኋል? የቃየን ፊት ልቡን እንዳሳየ የእኛም ሰውነት ብዙ ጊዜ ከአፋችን በፊት እውነቱን ይናገራል። ያዕቆብም ለመናገርና ለቁጣ የዘገየን እንድንሆን ይመክረናል (ያዕ. 1፡19)።

2. ስሜቱን በትክክለኛ ስሙ ጥሩት። አማርኛችን በዚህ ሀብታም ነው። ንዴት ድንገት ይመጣል፤ ቶሎም ይሄዳል። ቅያሜ ከምንጠብቀው ሰው የጠበቅነው ሲጎድል የሚመጣ ነው። ቂም ደግሞ ተቀምጦ የከረመ ቅያሜ ነው፤ ቀን ይጠብቃል። ቅናት ሌላው ያገኘውን አይቶ ይቃጠላል። እልህ መሸነፍን አይወድም። ንቀት ሌላውን ያሳንሳል። «ከፍቶኛል» ማለት «ተናድጃለሁ» ከማለት ይልቅ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ ያለው ግን የሚከብደው ቃል ላይ ነው።

3. የሆነውን ነገር ከተረጎማችሁት ለዩ። ወረቀት ወስዳችሁ በአንድ በኩል የሆነውን፣ በሌላ በኩል የገመታችሁትን ጻፉ። «ሰላም ሳትለኝ አለፈች» የሆነው ነው። «ንቃኝ ነው» ግምት ነው። ሳኦል የሴቶቹን ዘፈን ከሰማ በኋላ ዳዊት መንግሥቱን ሊወስድበት እንደሆነ በልቡ ደመደመ፤ በማግስቱ ጦር ወረወረ (1ሳሙ. 18፡6-11)። ዳዊት ግን በዚያን ጊዜ በገና እየደረደረለት ነበር።

4. ከሥሩ ያለውን ጠይቁ። «ምን አጣሁ? ምን ፈራሁ? ይህን ነገር እኔም በሌላው ላይ አድርጌዋለሁ? ከዚህ በፊት እንዲህ የተሰማኝ መቼ ነበር?» በሉ። አሳፍ በክፉዎች ደኅንነት ቀንቶ ነበር። ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ሲገባ ግን የእነርሱን ፍጻሜ ብቻ ሳይሆን የራሱን አለማስተዋልም አየ (መዝ. 73፡17-22)።

5. እንዳለ ለጌታ ንገሩት። አታሳምሩት። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ብዙ ጩኸትና እሮሮ አለ። ልባችንን በፊቱ እንድናፈስ ተጋብዘናል (መዝ. 62፡8)፤ የሚፈስ ነገር ደግሞ ተጣርቶ አይፈስም።

6. አንድ እርምጃ ውሰዱ። የበደላችሁት ካለ መባችሁን ትታችሁ ሂዱ (ማቴ. 5፡23-24)። የበደላችሁ ካለ ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገሩት (ማቴ. 18፡15)። ስትናገሩም «አንተ እንዲህ ነህ» ከማለት «እኔ እንዲህ ተሰማኝ» ማለት በር ይከፍታል። አንዳንድ ጊዜ ግን እርምጃው መናገር አይደለም። ምንም በማያውቅ ወንድም ላይ ቀንታችሁ ከሆነ ሄዳችሁ «ቀንቼብህ ነበር» ብትሉት ሸክም ትጭኑበታላችሁ። ለጌታ ተናዘዙና ያንን ወንድም በጸሎትና በመልካም ቃል ባርኩት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

መመርመርና ማብሰልሰል አንድ አይደሉም። መመርመር ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልስ ያገኛል፤ ይነሣል። ማብሰልሰል ግን ያንኑ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ ያጫውታል፤ ሲነጋ ቁስሉ ይብሳል። ስለዚህ ለምርመራው ጊዜ ወስኑለት፤ በጸሎት ዝጉት። ብቻችሁን ካልቻላችሁ የሚታመን የጌታ ሰው ወይም የሠለጠነ አማካሪ ፈልጉ። እንቅልፍና ምግብ እስከ መከልከል ከደረሰ ሐኪም ማማከር የእምነት ማነስ አይደለም።

ሌላው፣ ራስን መመርመር የሌላውን በደል በራስ ላይ መጫን አይደለም። በቤቷ የምትደበደብ እህት፣ በአሠሪው የተገፋ ሠራተኛ፣ በአገልጋይ የተጎዳ ሰው «ልብህን መርምር» ተብሎ ብቻውን ሊላክ አይገባም። የእነርሱ ቁጣ በደል መፈጸሙን የሚናገር እውነተኛ ምስክር ነው። በመጀመሪያ ከጉዳት መጠበቅ፣ መሰማትና ፍትሕ ማግኘት ያስፈልጋቸዋል። ነህምያ በልቡ ካሰበ በኋላ ዝም እንዳላለ አንርሳ፤ ጉባኤ ጠራ።

ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እውነት ነው፤ እግዚአብሔርም እንድንረሳ አላስገደደንም። ለቃየን ያቀረበውን ጥያቄ ግን ዛሬም ለእኛ ያቀርባል። የሚጠይቀን ሊያሳፍረን አይደለም፤ በደጅ ያደባው ነገር ሳይገባ ሊያድነን ነው። በመስቀል ላይ ስለ ጠላቶቹ የጸለየው ጌታ የልባችንን ሥር ቢያይ አይደነግጥም፤ አስቀድሞ አይቶታልና።

በሚቀጥለው የጌታ እራት፣ ኅብስቱ ወደ እናንተ ከመድረሱ በፊት፣ ያንን ሰው በዓይናችሁ ፈልጉት። በልባችሁም «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ወንድሜ ላይ የሚሰማኝ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳትሸሹ ጠብቁት፤ ከዚያም በዚያው ሳምንት የቀረውን አንድ እርምጃ ሂዱ።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። አሜን።